በኅዳር ወር ልብ ወለድ መጻፍ፦ ጎንደር ላይ ትንንሽ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

በአንድ ወር ውስጥ የልብ ወለድ ረቂቅ ጽፎ መጨረስ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሞከረው ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች ሆነው ጀመሩት። በዓመቱ ወደ ኖቬምበር ተዛወረ። ናኖራይሞ በሚል ስምም ታወቀ። ግቡ በ30 ቀን 50,000 ቃል ነው፤ በቀን ወደ 1,667 ቃል ማለት ነው። ሲመራው የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን አስታውቋል። ፈተናው ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ደብተርና እስክርቢቶ ያለው ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሏቸው እናቶችና አባቶች ነው። ብዙዎቹ ምክሮች ብቻውን ለሚኖር ሰው የተጻፉ ናቸው። «ሌሊት ተነሡ፣ በር ዝጉ፣ ስልክ አጥፉ» ይላሉ። ልጅ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም። እንቅልፍም ቢሆን ድሮውንም ጎዶሎ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የጽሑፍ ሰዓትን ከእንቅልፋችሁ አትስረቁ፤ ከሰው ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ለዚህ ፈተና የተሠራ ይመስላል። የፈረንጆቹ ኖቬምበር የሚጀምረው ጥቅምት 22 ገደማ ነው። እሱን ተከትሎ ሁለት ወር ላይ ከመንጠልጠል ኅዳር 1 ጀምሮ ኅዳር 30 መጨረስ ይቀላል።

ለምን ኅዳር? ሌሎቹን ወራት ጎንደር ላይ ሆናችሁ አስቧቸው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡ ልጆቹን ቤት ውስጥ ያውላቸዋል። መስከረም የምዝገባ፣ የዩኒፎርምና የደብተር ወር ነው። ታኅሣሥ በገና ዝግጅት ያልቃል። ጥር ደግሞ ጎንደር ላይ ፈጽሞ አይታሰብም። ለጥምቀት ከየአገሩ ዘመድ ይመጣል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ልጆቹም እናንተም እዚያው ናችሁ። እሱ ሲያልፍ ሰርግ ይተካል።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆሟል። ልጆቹ መምህራቸውን ለምደዋል፤ ጠዋት ማልቀሱ ቀንሷል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ በሚጾም ቤት ወጡ ቀለል ይላል። በጾም ወቅት ጓዳ የምታሳልፉት ሰዓት ከፍስክ ጊዜው ምን ያህል እንደሚያንስ ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይገባችኋል።

በዓላቱን ግን አስቀድማችሁ አስከብሩ። ኅዳር 6 ቁስቋም ናት። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። ኅዳር 21 ጽዮን ናት። በእነዚህ ሦስት ቀናት አትጽፉም፤ ከሒሳቡ አውጧቸው። ረመዳን የምትጾሙ ቤተሰቦች ደግሞ የረመዳን ወር በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ የመረጣችሁት ወር እሱ ላይ እንዳይወድቅ አስሉ።

አራስ ቤት ያለች እናት ዘንድሮ ትተወው። ይህን በጥብቅ ነው የምለው። ልብ ወለዱ ይጠብቃል፤ የአራስ ሰውነት አይጠብቅም።

ደረጃ 2፦ ግቡን በአማርኛ ልክ ቁረጡ

50,000 ቃል ለእንግሊዝኛ የተቀመጠ ቁጥር ነው። በአማርኛ ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ አሉታውም ከግሱ ጋር ተጣብቀው እንደ አንድ ቃል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ያንኑ ታሪክ ለመንገር የሚያስፈልገን የቃል ብዛት ያነሰ ነው። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው 30,000 የአማርኛ ቃል ሙሉ ረቂቅ ነው እላለሁ። ይህንንም ዝቅ አድርጌ የተናገርኩት አይደለም፤ በእጅ የጻፈው ያውቀዋል።

ሒሳቡ ይኸው። ከ30ው ቀን ሦስቱን ለበዓል አወጣን። ሌላ ሦስት ቀን ለማይታወቅ ነገር አስቀምጡ፤ ለቅሶ ይኖራል፣ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ውሃ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ይታጠባል። 24 የጽሑፍ ቀን ይቀራል። 30,000 ለ24 ሲካፈል 1,250 ይሆናል። በቀን 1,250 ቃል። አንድ ትዕይንት ደግሞ በዚህ መጠን በደንብ ይጻፋል። ስለዚህ ልብ ወለዳችሁን በ24 ትዕይንት አቅዱት፤ በአንድ ቀን አንድ ትዕይንት። ልጅ በየደቂቃው በሚጠራው ጭንቅላት ውስጥ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። «ዛሬ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ጠይቁ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ሥራው የሚሠራው በጥቅምት ነው፤ ኅዳር ከገባ በኋላ መጠየቅ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ከትዳር አጋራችሁ ጀምሩ። «አግዘኝ» ወይም «አግዥኝ» የሚለው ልመና የትም አያደርስም፤ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ትርጉም ይዛችሁ ትሄዳላችሁና። ሰዓት ጥቀሱ። «በኅዳር ወር ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ልጆቹን አንተ ቀስቅሰህ አልብሳቸው፤ ማታ ማታ እኔ አስተኛለሁ» ይባላል። ወረቀት ላይ ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በምላሹ ምን እንደምትሰጡም ተናገሩ። በታኅሣሥ እሱ የሚፈልገው ሰዓት ካለ ያኔ ተራው የእሱ ነው።

ቀጥሎ እናት፣ አማት፣ አክስት ይመጣሉ። ለእነሱ ጉዳዩን መደበቅ ስሕተት ነው። «ትንሽ ሥራ አለብኝ» ካላችሁ ሥራው ምን እንደሆነ ስለማያውቁ በየመሀሉ ይጠሯችኋል። ጎንደር የቅኔና የድጓ አገር ናት። ብራና ሲፋቅ፣ ቀለም ሲበጠበጥ ያዩ አዛውንቶች ያሉባት ከተማ ናት። ለጽሑፍ ክብር አላቸው። በግልጽ ንገሯቸው፦ «እማማ፣ በኅዳር ወር መጽሐፍ ልጽፍ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን እርስዎ ዘንድ ባመጣቸው ይመችዎታል? ምሳቸውን አብልቼ ነው የማመጣቸው፤ 11 ሰዓት ላይ እወስዳቸዋለሁ።» ምሳ ስለመብላታቸው መናገር ዋናው ነገር ነው። አያት ቤት የደረሰ ልጅ ሳይበላ አይመለስም። ሳትናገሩ ከወሰዳችኋቸው ግን እሳቸው ምድጃ ሥር ሊውሉ ነው።

ከዚያ ጎረቤት። እዚህ ላይ ከገበሬው የምንወስደው ሥርዓት አለ፤ ወንፈል። ዛሬ የእኔን እርሻ አብረን እናርሳለን፣ ነገ ያንተን። ደቦ አይደለም፤ ድግስ የለውም። ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ነው የሚመለሰው። የልጅ ወንፈል እንዲህ ይሠራል። ተቀራራቢ ዕድሜ ልጆች ያሏቸው ሦስት ቤቶች ይስማማሉ። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ከሰዓት የሁሉንም ልጆች ይይዛል። ሁለት ከሰዓት ነፃ ያገኛል። የሚጽፈው አንዱ ብቻ ቢሆንም ለውጥ የለውም። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ገበያ ትወጣለች፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። አነጋገሩም ቀላል ነው፦ «እትዬ፣ ሰኞ ከሰዓት የእርስዎን ልጆች እኔ ልያዝ፤ ረቡዕ ደግሞ የእኔን ይያዙልኝ። የኅዳርን ወር ብቻ ነው።»

ወንፈሉ እንዳይፈርስ ከመጀመሪያው የሚነገሩ ነገሮች አሉ። ግቢው በር ይኑረው፤ ጉድጓድ ወይም የውሃ በርሜል ካለ ይከደን። ልጅ የማይስማማው ምግብ ካለ ይነገር። ከኬጂ ልጁን የሚያወጣው ማን እንደሆነ መምህሯ አስቀድማ ትወቅ። ልጅ ካተኮሰው ወይም ካሳለው የዚያን ቀን አይመጣም፤ ማንም አይቀየምም። አንድ ሰው ላይ ከስድስት ልጅ በላይ አይጫን፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ካሉበት ደግሞ ከዚያም ይቀነስ። እነዚህ ሲነገሩ የሚያሳፍሩ ይመስላሉ። ሳይነገሩ ሲቀሩ ግን ጉርብትና ያበላሻሉ።

የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ የእሷ ሰዓት የእናንተ ሰዓት አይደለም። ኅዳር ላይ ሥራ የሚበዛባት ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ለተጨማሪው ሰዓት ተጨማሪ ክፈሏት። የእናንተ መጽሐፍ በእሷ እንቅልፍ መጻፍ የለበትም። ይህን የምለው ብዙ ቤት ሳይታሰብ የሚደረግ ስለሆነ ነው።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልበል። ቡናውን አትተዉት። አንድ ወር ከጎረቤት ቡና የጠፋ ሰው ወንፈል የሚገባለት አያገኝም። ግን እስከ በረካ መቀመጥ ግድ አይደለም። አቦሉን ጠጥታችሁ፣ የምትነሡበትን ምክንያት ተናግራችሁ፣ መርቃችሁ ተነሡ።

ደረጃ 4፦ ቀኑን በሦስት ክፈሉት

1,250 ቃል በአንድ መቀመጫ አይጻፍም። 500፣ 500፣ 250 አድርጉት።

የመጀመሪያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ተኩል ነው። ከተማዋ ገና ጸጥ ያለች ናት፤ የሚሰማው ከየደብሩ የሚመጣው የማኅሌትና የቅዳሴ ድምፅ፣ ከመስጊድም አዛን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የኅዳር ንጋት ይበርዳል። ጋቢ ልበሱ፣ ካልሲ አድርጉ። ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ዘግታችሁ ግን በፍጹም አትቀመጡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ልጆች የተኙበት ክፍል ከሆነማ የበለጠ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ልጆቹ ኬጂ ወይም ወንፈል ላይ ያሉበት ሰዓት ነው። ቢሮ የምትውሉ ከሆነ የምሳ ሰዓታችሁ ይሁን። ሦስተኛው ማታ ከ2 ተኩል እስከ 3 ተኩል ነው፤ 250 ቃል ብቻ፣ ቀለል ያለ ነገር፣ ምልልስ ቢሆን ይመረጣል።

ይህ እንዲሆን ልጆቹ ማታ 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ውስጥ የሚተኛውን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። 2 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሣ 10 ሰዓት ሞላለት። የመኝታ ሰዓቱን ኅዳር 1 ላይ በድንገት አትለውጡት። በጥቅምት መጨረሻ በየሦስት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም እያደረጋችሁ አምጡት። እናንተም 4 ሰዓት ላይ ተኝታችሁ 11 ሰዓት ብትነሡ ሰባት ሰዓት ተኝታችኋል። የሚጠባ ሕፃን ሌሊት የሚቀሰቅሳት እናት ግን የንጋቱን ክፍል ሙሉ በሙሉ ትተወው፤ ሰዓቷን ከሰዓት በኋላ ትፈልገው።

ደረጃ 5፦ ጓዳውን በጥቅምት አስተካክሉ

ሽሮው፣ በርበሬው፣ ምጥን ሽሮው በጥቅምት ተዘጋጅቶ ይለቅ። ቆሎ ይቆላ፣ በሶ ይዘጋጅ፤ ለልጅ መክሰስ ከሁሉ የሚፈጥን እሱ ነው። ቆሎው ግን ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል ለትንንሾቹ አይሰጥ። እንጀራ በሦስት ቀን አንዴ ይጋገር። የሚጋገርበት ቀን አስቀድሞ ከታወቀ የዚያን ቀን ትዕይንት አጭሩን መምረጥ ትችላላችሁ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰፈር ከሆነ፣ ውሃ የመጣ ቀን የጽሑፍ ቀን አይደለም። ተስማምታችሁ ኑሩ። በርሜሎቹን ሙሉ፣ እጠቡ፣ ልጆቹን ገላቸውን አጥቡ። ጽሑፉ ነገ ነው።

ደረጃ 6፦ ታሪኩን ከወሩ በፊት አስቡት፣ ወሩ ላይ ጻፉት

ደብተር ገዝታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፦ ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል? ይህ ካልተመለሰ 24ቱ ትዕይንቶች የትም አይሄዱም። ገጸ ባሕርያቱ ከሰባት አይብለጡ። በመሀል የሚቋረጥ ጸሐፊ ብዙ ሰው ይዞ መሄድ ያቅተዋል።

ከዚያ 24 ቁራጭ ወረቀት ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ነው፣ እነማን አሉ፣ ሲያልቅ ምን ተለውጧል? ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ያ ትዕይንት ገና አልተወለደም። ወረቀቶቹን ቁጥር ስጧቸውና በፖስታ ውስጥ አስቀምጧቸው። ልጅ እንዳያገኛቸው ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

ቦታውን እግራችሁ የሚያውቀው አድርጉት። ቅዳሜ ገበያ፣ ፒያሳ፣ አንገረብ፣ ወደ ቁስቋም የሚወስደው ዳገት፣ ከአዘዞ የሚመጣው ታክሲ። ልጅ ይዛችሁ ስትመላለሱ በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ ጥናት አይጠይቅም። ምንትዋብን ወይም የጎንደር ነገሥታትን ዘመን መጻፍ የምትመኙ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ከተማዋ ራሷ ትጋብዛለች። ደግ ሐሳብ ነው። ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ምን እንደበላ፣ በምን ገንዘብ እንደሸመተ ማንበብ ወራት ይወስዳል። ንባቡ ካላለቀ ዘንድሮ የዛሬዋን ጎንደር ጻፉ፤ የነገሥታቱን ለከርሞ አቆዩት።

ኅዳር ላይ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። የጻፋችሁትን አንብባችሁ አትሰርዙ። የገጸ ባሕርይ ስም ከረሳችሁ «ያ ሰውዬ» ብላችሁ እለፉ። ቀኑን ስትጨርሱ ትዕይንቱን አትዝጉት፤ ቀጥሎ የሚሆነውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ተዉት። ነገ ንጋት ላይ እንቅልፍ ያልለቀቀው ጭንቅላት ከዚያ ይጀምራል። ልጅ ጠርቷችሁ በመሀል ስትነሡም እንዲሁ አድርጉ። ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል፤ «ትዋሻለች»፣ «ደብዳቤው ይገኛል»። ልጁ ውሃ ጠጥቶ እስኪመለስ የጠፋው ሐሳብ በእሷ ይመለሳል።

ደረጃ 7፦ መጻፊያችሁን አዘጋጁ

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔትም ይቋረጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ እንደነበር ማንም አልረሳውም። ስለዚህ ዋናው ጽሑፍ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ላይ ይሁን።

ደብተር ከሁሉ ይታመናል። በእጅ የምትጽፉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሦስት ገጽ ቃል ቆጥራችሁ አማካዩን አውጡ። ገጻችሁ 160 ቃል ከያዘ ስምንት ገጽ የቀኑን ግብ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ቃል አትቆጥሩም፤ ገጽ ነው የምትቆጥሩት።

በስልክ የምትጽፉ የአማርኛ ኪቦርድ ያለው ጂቦርድ ይበቃችኋል። ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉ በዩኒኮድ ጻፉ። በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ለማንበብ የማይቻል ምልክት ይሆናል። ቃላቱን በባዶ ቦታ ለዩ፤ በሁለት ነጥብ ብቻ ካያያዛችኋቸው ቆጣሪው ብዙውን እንደ አንድ ቃል ያየዋል።

እጃችሁ ባልተፈታበት ሰዓት በድምፅ ጻፉ። ጉግል የአማርኛን የድምፅ መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጨምሯል። ሕፃን በአንቀልባ አዝላችሁ፣ ስልኩን ወዲያ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩት። ይሳሳታል፤ ግን 200 ቃል ነፃ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ድምፁን ብቻ ቅዱትና ማታ ገልብጡት።

ቅጂ ሳታስቀምጡ አትተኙ። የደብተሩን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሡ። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጉ፣ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። ደብተሩን ከሁለት ዓመት ልጅ እጅ አርቁት።

ደረጃ 8፦ ልጆቹን በየዕድሜያቸው አስገቡበት

ልጅ ከጽሑፉ የሚርቀው ወላጁን ሲጠግብ ነው። የመጀመሪያው ብልሃት እሱ ነው። ሃያ ደቂቃ ከመጠየቃችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡ። ስልክ ሳትይዙ፣ መሬት ቁጭ ብላችሁ፣ እሱ በመረጠው ጨዋታ። እቃ እቃ ከሆነ እቃ እቃ። ከዚያ በኋላ ስትነሡ አይከተላችሁም፤ ቢከተላችሁም እንደ ድሮው አይደለም።

ገና የሚዳህ ሕፃን ሲተኛ ሁልጊዜ አትጻፉ። በቀን አንዱን የእንቅልፉን ሰዓት ለራሳችሁ እንቅልፍ ስጡት።

ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ሰዓት አያውቅም። «ትንሽ ጠብቅ» ማለት ለእሱ ባዶ ቃል ነው። የሚታይ ምልክት ስጡት። አንድ ኮፍያ ምረጡ፤ ስትጽፉ ብቻ የምታደርጉት። ኮፍያው ሲወልቅ ወላጁ ተመለሰ ማለት ነው። ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ቀን ኮፍያውን አውልቃችሁ መጻፍ ከቀጠላችሁ ምልክቱ ሞተ። ለዚህ ዕድሜ በጽሑፍ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ካርቶን አዘጋጁ፤ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ የተረፈ ሊጥ። ሽምብራና ባቄላ ግን አትስጡ፤ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ቆርኪም እንዲሁ።

ስልኩን ሰጥቶ ማስያዝ በጣም ያጓጓል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል። ስለዚህ ያችን አንድ ሰዓት ለክፉ ቀን አስቀምጧት። ወንፈሉ የቀረበት፣ መብራት የመጣበት፣ ትዕይንቱ ሊያልቅ ትንሽ የቀረበት ቀን ይኖራል።

ከአምስት እስከ ሰባት ያሉት አጋሮቻችሁ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ደብተር ግዙ። ሽፋኑ ላይ ስማቸውንና «የኔ መጽሐፍ» ብላችሁ ጻፉ። እናንተ ስትጽፉ እነሱም ይሥሉ፣ ፊደል ይጻፉ። ስትጨርሱ የእነሱን እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ፣ በደንብ አድምጡ። ይህን ማድመጥ እንደ ጊዜ ማባከን የሚያይ ሰው ካለ አልስማማም። ጽሑፍ ክብር ያለው ነገር እንደሆነ ልጅ የሚማረው እዚያ ላይ ነው።

ማታ ሲተኙ «ተረት ተረት» በሉ። «የላም በረት» ሲሏችሁ የዛሬውን ትዕይንት ለእነሱ በሚሆን መንገድ ንገሯቸው። ክፉውን ቀንሱ፣ ሰዎቹን ካስፈለገ ጅብና ጦጣ አድርጓቸው። ከዚያ ፊታቸውን ተመልከቱ። «ከዚያስ?» ያሉበት ቦታ ታሪኩ ሕይወት አለው። ትራሱን መጎተት የጀመሩበት ቦታ ላይ ደግሞ የሚፈለግና የሚከለክል ነገር ጠፍቷል። ይህን በሁለት መስመር ማስታወሻ ያዙ፤ እርማት ሲመጣ ትፈልጉታላችሁ። ከልጅ የተሻለ ሐቀኛ አንባቢ እኔ አላገኘሁም።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ይበላሻል። ልጅ ሦስት ቀን ያተኩሰዋል፣ ሩቅ ዘመድ ያርፋል። ለቅሶ አይቀርም፤ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ደብተር ይዛችሁ አትሂዱ። ለዚህ ያስቀመጣችኋቸው ሦስት ቀናት አሉ።

ሦስቱም ካለቁና አሁንም ወደ ኋላ ከቀራችሁ ቃሉን ለማካካስ ሌሊቱን ሳትተኙ አትደሩ። ፖስታውን ክፈቱና ትዕይንት ቀንሱ። ከ24ቱ ውስጥ ባይኖር ታሪኩ የማይወድቅ ሁለት ሦስት ይገኛል። አውጧቸው። 21 ትዕይንት ያለው ሙሉ ታሪክ 24 ታቅዶለት መጨረሻ ከሌለው ይሻላል። የመጨረሻውን ትዕይንት ደግሞ ከኅዳር 25 በፊት ጻፉት፤ በቅደም ተከተል መሆን የለበትም። መጨረሻው ከተጻፈ መሀሉ የሚሄድበት አለው።

ልጁ በጣም ሲታመም፣ ወይም እናንተ ልጆቹ ላይ መጮኽ ከጀመራችሁና ካልተዋችሁ፣ ለዚያ ሳምንት ደብተሩን ዝጉ። ይህን ከትዳር አጋራችሁ ጋር በጥቅምት ተስማሙበት። «ዝጋው» ወይም «ዝጊው» ሲባል ያለ ክርክር እንዲዘጋ።

ደረጃ 10፦ ከኅዳር 30 በኋላ

ረቂቁን አታንብቡት። ታኅሣሥ የወንፈሉ ዕዳ የሚመለስበት ነው። ጎረቤቶቻችሁ ከያዙላችሁ በላይ የያዛችሁላቸው ከሰዓቶች እንዲበዙ አድርጉ፤ የገና ዝግጅት ስላለ ደስ ይላቸዋል። ለእማማም የሚገባቸውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቹን ይዛችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ የምትውሉበት ቀን ይሁን።

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲሸኝ ደብተሩን አውጡ። በመጀመሪያው ንባብ እስክርቢቶ አትያዙ፤ ዝም ብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። በሁለተኛው የማታ ማስታወሻዎቻችሁን፣ ልጆቹ ትራስ የጎተቱባቸውን ቦታዎች፣ ከጎን አስቀምጣችሁ ትዕይንት በትዕይንት እረሙ። እርማቱ እንደ ረቂቁ አይቸኩልም። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ይበቃዋል፤ ወንፈሉን ለዚህ ብላችሁ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ማስቀጠል ከቻላችሁ እስከ ፋሲካ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ጽሑፍ ይኖራችኋል።